ያለ ክሬን 1600 ኪሎ ቶርኖ ከአይሱዙ ላይ ማውረድ፤ ያደረጋችሁት ካላችሁ ምከሩኝ

ብየዳው_ከጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ዳር ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለችኝ። በርና መስኮት፣ የቡና መፈልፈያ ጥገና፣ የተገኘውን ሁሉ ከሁለት ልጆች ጋር እሠራለሁ። ዕድሜ ለዕቁቤ፣ አዲስ አበባ መርካቶ ያገለገለ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ገዝቻለሁ፤ ሐሙስ ይገባል። ላዩ ላይ የተለጠፈው ብረት 1600 ኪሎ ይላል።

ከግቢው በር እስከ ቤቱ 9 ሜትር ነው፣ በዚያችው ውስጥ 90 ሳንቲም ቁልቁል ይወርዳል። ወሩ ደግሞ ሐምሌ ነው፤ የኛን ቀይ ጭቃ የጅማ ሰው ያውቀዋል፣ ጫማ ነጥቆ ያስቀራል። ለክሬን የጠየቁኝ ዋጋ የቶርኖውን ሩብ ያህላል። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች «አሥራ ሁለት ሆነን፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ደግፈን እናንሸራትተዋለን፤ አንተ ሻይ ጠጣ» ይሉኛል።

ልቤ እምቢ አለ። አምና ጄኔሬተር ስናወርድ አንዱ ልጄ «ትንሽ ላስተካክላት» ብሎ ከሥሩ ጣውላ ሊያስገባ እጁን ሰደደ። ጄኔሬተሩ ቢወርድ አራት ጣት ያህል ነው የወረደው። ሁለት ጣቱ ዛሬም አይታጠፍም፤ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በመዳፉ ነው የሚያቅፈው። አጠገቡ ቆሜ «ቶሎ በል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ያለኝ ዕቃ፦ ባለ 2 ቶን ፓራንኮ (በእጅ የሚሳብ የሰንሰለት ማንሻ)፣ ሁለት ክሪክ፣ ሦስት ፓሎ (የብረት መፈንቀያ)፣ የቱቦ ቁርጥራጭ።

የቡና_አገር፦
ወንድሜ አታካብድ። እኔ አጋሮ ላይ ትልቅ መፈልፈያ በስምንት ሰው በግንድ አውርጃለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተነካም።

የድሮ_መካኒክ፦
መፈልፈያው ስንት ኪሎ ነበር?

የቡና_አገር፦
እሱን እንኳ አላየሁም።

የድሮ_መካኒክ፦
እሺ። ብየዳው፣ አሥራ ሁለቱን ሰዎች ተዋቸው። ቶርኖ ጠባብ ነው፣ ረጅም ነው፣ ክብደቱም አንድ ወገን ላይ ነው፤ ሞተሩና ማርሹ ያለበት ራስ ሁሉን ይዞታል። በግንድ ስታንሸራትተው ራሱ ቀድሞ ይዞራል፣ ከዚያ በጎኑ ይተኛል። ያን ጊዜ ከአሥራ ሁለቱ ስድስቱ ይሸሻሉ፣ ስድስቱ ሊይዙት ይሞክራሉ። የሚጎዱት የሚይዙት ናቸው።

መጀመሪያ ማንድሪኖውን (የሚቀረጸውን ብረት የሚጨብጠውን ክፍል) ፍታና ለብቻው አውርድ። ወዲያ ወዲህ የሚሄደውን የቢላ ተሸካሚና ዳር ያለውን መደገፊያ ወደ ጭራው ገፍተህ እሰራቸው፣ ሚዛኑ ትንሽ ይስተካከላል። ጅማ እንጨት አይቸግርም፤ መሰንጠቂያ ቤት ሄደህ 15 በ15 ሳንቲም የሆነ ካሬ እንጨት አምጣ። ሁለቱን ወፋፍራሞች በእግሮቹ የቡሎን ቀዳዳ በኩል አግድም እሰር፣ ከቶርኖው ግራና ቀኝ እንዲተርፉ። አሁን ሰፊ እግር አለው፣ በቀላሉ አይወድቅም። ከእነሱ ሥር ደግሞ ቁመቱን ተከትለው የሚሄዱ ሁለት እንጨቶች እሰር፤ ቱቦ ላይ የሚንከባለሉት እነሱ ናቸው።

ቀሪውን እንጨት ከመኪናው ኋላ፣ ሁለት በዚህ ሁለት በዚያ እያደረግህ፣ እስከ ካሶኒው (የመኪናው መጫኛ) ወለል ድረስ ደርድር። ቶርኖውን በቱቦ አንከባልለህ ክምሩ ላይ አሳርፈው። መኪናው ፈቀቅ ይበል። ከዚያ አንዱን ጫፍ በክሪክ ጥቂት አንሳ፣ አንድ እንጨት አውጣ፣ አውርድ፤ ወደ ሌላው ጫፍ ሂድ። ክሪኩ የታሰረውን እንጨት እንጂ የቶርኖውን አካል አይንካ። አሰልቺ ነው። ግን ቢያመልጥ እንኳ የሚወድቀው አንድ እንጨት ያህል ነው። እንጨቱም የሚወጣው በፓሎ ተገፍቶ ነው፣ እጅ ከሥር አይገባም።

ለቁልቁለቱ አትፍራ፤ 90 ሳንቲም ለ9 ሜትር አንድ አሥረኛ ነው፣ ስለዚህ የሚስብህ ግፋ ቢል 160 ኪሎ ነው። ከኋላ በፓራንኮ ይዘህ ቀስ እያልክ ልቀቅ። ማሰሪያህ ግን የግቢው በር ምሰሶ እንዳይሆን! የመኪናው ሻሲ ይሁን፣ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው ታኮ (እንዳይንከባለል የሚያግድ ሽብልቅ) ገብቶለት።

ሊፍት_ሠራተኛ፦
ጋሽዬ በሁሉም እስማማለሁ፣ በፓራንኮው ግን ይቅርታ። የእጅ ሰንሰለት ያለው ቀጥታ ወደ ላይ ለማንሳት ነው የተሠራው፤ አጋድመው ሲስቡበት ሰንሰለቱ ከመንኮራኩሩ ይወጣል። በእጀታ የሚሠራውን ዓይነት ይከራይ። ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ ለ9 ሜትር ደጋግሞ መቀየር አለ፤ በቀየረ ቁጥር መጀመሪያ ታኮ። ቱቦዎቹ ከእንጨቱ ግራና ቀኝ አንድ ክንድ ይትረፉ፣ ሲያነሷቸውም ጣት ወደ ውስጥ አይግባ።

ሌላው፦ ብየዳው፣ የሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው ሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። «በራሱ ፈቃድ ገባ» አያድንህም።

የድሮ_መካኒክ፦
ስለ ፓራንኮው ልክ ነህ። እኔ ሁሌም እንደዚያ ስለሠራሁ ነው።

ብየዳው_ከጅማ፦
ቅዳሜ ነው፣ ወሬውን ላምጣ። መኪናው እንደደረሰ ዝናቡ ወረደ። ሾፌሩ «እመለሳለሁ፣ ቶሎ በሉ» ሲል ያቺ የአምናዋ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸች፤ የሁለት ሰዓት ጨምሬ ከፈልኩትና ሸራ ሥር ቆምን።

ከአውራጆቹ ሦስቱን ብቻ ያዝኩ። አለቃቸው መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ በኋላ ራሱ ታኮ ያዥ ሆነ። «ሳብ» እና «ቁም» የሚለው ያ ጣቱ የተጎዳው ልጅ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። አምስተኛው ሜትር ላይ «ቁም!» አለ፤ እኔ ምንም አላየሁም ነበር። የፊተኛው ቱቦ መንገዱ ላይ ካነጠፍነው ጣውላ ተንሸራቶ ጭቃ ውስጥ ሊሰምጥ ጀምሯል። ታኮ አስገባን፣ በፓሎ አቃናን፣ ቀጠልን። በጠቅላላው አምስት ሰዓት ፈጀ፤ እንጨቱን ለመሰንጠቂያ ቤቱ መልሼ ከዋጋው ትንሽ አጉድሎ ተቀበለኝ።

ቶርኖው ሊሾው ላይ ተቀምጧል። አሁን ደግሞ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል፤ ለእሱ ሌላ ጥያቄ እከፍታለሁ።