የእሑድ ዕረፍት ደብዳቤ፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ወንድሞችና እህቶች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች እሑድ እንዲያርፉ ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር የምናስገባውን ደብዳቤ እስከ ኀሙስ እንቋጨው። ረቂቁ «ከተማችን ሰንበትን እንድታከብር» ብሎ ይጀምራል። እኔን ይሄ ከንክኖኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 ሃይማኖትንና መንግሥትን ለይቷል፤ ከተማዋም የሁላችን ናት።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ቃሉን አስተካክሉት፤ ጉዳዩን ግን እንዳታለሰልሱት። ጎረቤቴ የሆነች ልጅ አንድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሰርቪስ ትጠብቃለች፤ ምናልባት ቶሎ ከለቀቁን ብላ ነጠላዋን በፌስታል ቋጥራ ትይዛለች። መኪናው በደጀ ሰላሙ ሲያልፍ በመስኮት አማትባ ትሳለማለች። ይኸው ሦስተኛ ወሯ ነው፤ በአዘቦትም ምትክ ቀን አልሰጧት። ልጅቷን ሳያት አንጀቴ ይላወሳል።

የሕግ ባለሙያዋ፦ እንግዲያው መነሻችን ይኸው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በየሰባት ቀኑ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ያዛል፤ በተቻለ መጠንም እሑድ ላይ እንዲውል። አቤቱታ ማቅረብ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተሰጠን የዜግነት መብት ነው። ሕጉ ይከበር ብንል ማንም ጣልቃ ገባችሁ አይለንም።

አንጋፋው አባል፦ ልክ ብለሻል ልጄ። እንግሊዝ አገር በ1986 እ.ኤ.አ. መንግሥት የእሑድን ንግድ ልቅ ሊያደርግ ሲል አብያተ ክርስቲያናት ከሱቅ ሠራተኞች ማኅበር ጋር ገጥመው ረቂቁን በ14 ድምፅ ብልጫ ጣሉት። ቤተ ክርስቲያን ሳሚው እየሳሳ በሄደበት አገር ነው ይሄ። 26 ጳጳሳት በላይኛው ምክር ቤት ወንበር አላቸው፤ ረቂቁ የወደቀው ግን ጳጳስ በሌለበት በታችኛው ምክር ቤት ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ትልልቅ ሱቆች እሑድ ለ6 ሰዓት እንዲከፍቱ ሲፈቀድ እንኳ የሱቅ ሠራተኛው «እሑድ አልሠራም» የማለት መብት በሕግ ተጻፈለት። ብቻችንን ከሄድን አንሰማም።

ከስፌት መስመር፦ ታዲያ ዓርብንስ? መንግሥት መሥሪያ ቤት ለጁምዓ ከ5 ተኩል እስከ 7 ተኩል ይወጣል። አጠገቤ የሚሰፉት ሙስሊም እህቶቼ ይህን አያገኙም። ወሎ ላይ ለራስ ብቻ መለመን ነውር ነው፤ እነሱን ትተን እኔ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ፣ እህቴ። መክፈቻው እንዲህ ይሁን፦ «ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን የሳምንት ዕረፍት እንዲያገኝ፣ የእሑድ ቅዳሴና የዓርብ ጁምዓ ሰዓትም እንዲጠበቅለት እንጠይቃለን።» የሠራተኛ ማኅበሩን እኔ አነጋግራለሁ። መስጊድ ማን ይሂድ?

አንጋፋው አባል፦ እኔ። ሼሁ አብሮ አደጌ ናቸው፤ ነገ ከዐሥር ሶላት በኋላ አገኛቸዋለሁ። ረቂቁን ዛሬ ማታ አድርሱልኝ።