ኮንትሮል+ታብ ስጫን ፋይሎቹ ተራቸውን አይጠብቁም

ፒያሳ ታይፒስት፦
ሰላም ለቤቱ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ (የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም) ላይ 14 ፋይል ከፍቼ ነው የምሠራው፤ ሰባቱ አማርኛ፣ ሰባቱ እንግሊዝኛ። ኮንትሮል+ታብ ስጫን በቀኝ ያለው ይከፈታል ስል ጭራሽ ጥግ ላይ ወዳለው ይወስደኛል። ወደ ኋላ ለመመለስ ኮንትሮል+ሺፍት+ታብ ስል ደግሞ አንዳንዴ ፋይሉ ባለበት ቆሞ ኪቦርዱ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ዊንዶውስ 11 ነው። ማውስ እንዳትሉኝ፣ ከማውስ ለመሸሽ ነው የመጣሁት።

ሰባራ ባቡር፦
የመጀመሪያው ብልሽት አይደለም። ኮንትሮል+ታብ የሚከተለው ከላይ የተደረደሩበትን ሳይሆን በቅርብ የነካሃቸውን ነው። አንዴ ተጭነህ ስትለቅ ቅድም ወደነበርክበት ይመልስሃል፣ ደግመህ ስትጫን ወደዚህ። ኮንትሮልን ሳትለቅ ታብን ከደጋገምክ ዝርዝር ይወጣል፤ የፈለግከው ላይ ስትደርስ ትለቃለህ።

በተርታ ይሂድ ካልክ ሴቲንግስ፣ ፕሪፈረንስ፣ ሚስክ ውስጥ ገብተህ «ኢኔብል ኤምአርዩ ቢሄቪየር» (በቅርብ የነካኸውን የሚያስቀድመው) ላይ ያለውን ራይት አንሳ። እኔ ግን አታንሳው ባይ ነኝ። አማርኛውን ከእንግሊዝኛው እያመሳከረ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። በተርታ ለመሄድ ኮንትሮል+ፔጅ ዳውን ወደ ቀኝ፣ ኮንትሮል+ፔጅ አፕ ወደ ግራ ይወስዳሉ። ሺፍት ከጨመርክባቸው ታቡን ራሱን (ቁልፉን ሳይሆን ከላይ የፋይሉ ስም ያለበትን) ያንቀሳቅሱታል፤ ጥንድ ጥንዱን አጠገብ ለአጠገብ ማድረግ የምትችለው በዚህ ነው። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ፔጅ ዳውን ማለት ኤፍኤን እና የታች ቀስት ስለሆነ ጣት ያበዛል።

የማታ ፈረቃ፦
ሁለተኛው የዊንዶውስ ጣጣ ነው። ኮንትሮል+ሺፍት ኪቦርድ መቀየሪያ ሆኖ ተመድቧል። ሁለቱን ይዘህ ታብን ሳትነካ ከለቀቅክ ይገለብጠዋል፤ «አንዳንዴ» የሆነውም ለዚያ ነው። ሴቲንግስ፣ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ታይፒንግ፣ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኢንፑት ላንጉዌጅ ሆት ኪስ። «ቼንጅ ኪ ሲኩዌንስ» ስትል ሁለት ረድፍ ይመጣል፤ ኮንትሮል+ሺፍት በተመረጠበት ሁሉ «ኖት አሳይንድ» አድርግ። ቋንቋውን በዊንዶውስ+ስፔስ መቀየር ትችላለህ፣ እሱ አይጠፋም።

እዚያው ገጽ ላይ ለየመስኮቱ የተለያየ ቋንቋ እንዲያስታውስ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ግን ለመስኮት እንጂ ለታብ አይሠራም። ከፈለግከው እንግሊዝኛዎቹን ታቡ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገህ በሌላ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ክፈታቸው (መጀመሪያ ሴቭ አድርግ፣ አለበለዚያ እምቢ ይላል)፤ ከዚያ በአልት+ታብ ትመላለሳለህ።

ኮማ፦
ቁጥር ሰሌዳ ያለው ኪቦርድ ከሆነ ኮንትሮል+1 እስከ ኮንትሮል+9 በቀኝ ካሉት ቁጥሮች ስትጫን በቀጥታ ወደዚያ ታብ ይሄዳል። ከላይኛው ረድፍ ቁጥሮች ጋር እንዳታምታታው። ነም ሎክ ከጠፋ ግን 1 ወደ «ኤንድ» ስለሚለወጥ ፋይል መቀየሩ ቀርቶ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ራስህን ታገኘዋለህ። 10ኛው ታብ ቁጥር የለውም።

ፒያሳ ታይፒስት፦
አንቺ በሉኝ እንጂ 🙂 ሁለቱም ተስተካከሉ፣ አመሰግናለሁ። ቢሮው ወደ ቪኤስ ኮድ (ሌላ የጽሑፍ ፕሮግራም) ሊዞር ነው፤ እዚያስ?

ሰባራ ባቡር፦
ይቅርታ እህቴ። ኮንትሮል+ታብና ኮንትሮል+ፔጅ ዳውን እዚያም እንዳሉ ናቸው። ቁጥሩ ይለያል፦ ወደ ታብ የሚወስደው አልት+1 ነው፤ ኮንትሮል+1 የተከፈለውን ስክሪን አንደኛ ክፍል ነው የሚይዘው።

ፋይል ሲበዛ ግን ኮንትሮል+ፒ ይሻልሻል፤ የስሙን ጥቂት ፊደላት ጽፈሽ ኢንተር። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ «menu» ስትዪ «መኑ» ብሎ ይጽፍና ምንም አያገኝም፣ እንዳትደናገጪ። ስሙ ዘመም ብሎ የተጻፈ ታብ ደግሞ ጊዜያዊ ነው፤ ሌላ ፋይል ስትከፍቺ ቦታውን ይለቃል። ታቡን ሁለቴ ክሊክ ካደረግሽው ይጸናል።

አቋራጩን መቀየር ከፈለግሽ ኮንትሮል+ኬ ቀጥሎ ኮንትሮል+ኤስ፣ «ኦፕን ኔክስት ኤዲተር» ብለሽ ፈልጊ። ቀኝ ክሊክ አድርገሽ «አድ ኪባይንዲንግ» በዪ። «ቼንጅ» ካልሽ የድሮውን ያነሳብሻል።

የማታ ፈረቃ፦
ቪም (በትእዛዝ የሚሠራ ሌላ የጽሑፍ ፕሮግራም) ለምትጠቀሙ፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ ኮሎን ስትጫኑ በብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች «፡» ይመጣል፣ የትእዛዝ መጻፊያውም አይከፈትም። ኮንትሮል+6 ፊደል ስለማይፈልግ በሁለት ፋይል መሀል ለመመላለስ እሱን ያዙ። ያልተቀመጠ ለውጥ ካለ አልቀይርም ይላል፤ «set hidden» የሚለውን መስመር ማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ጨምሩ።