የፊልም ፋይል ስም ላይ ያሉት ዌብ-ዲኤል፣ ካም፣ ፕሮፐር ምንድን ናቸው?

የሰኞ ገበያዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ ፍላሽ ላይ ፊልም ከሚጭኑት ቤቶች በአንዱ ዝርዝር ውስጥ አንድ ፊልም አራት ጊዜ ተጽፏል፦
«1080ፒ.ዌብ-ዲኤል.ዲዲ5.1.ኤች264»፣ 9 ጊጋ
«1080ፒ.ብሉሬይ.ኤክስ265.10ቢት»፣ 1.4 ጊጋ
«1080ፒ.ኤችዲካም»፣ 1.1 ጊጋ
«720ፒ.ዌብ-ዲኤል.ኤኤሲ.ኤች264.ፕሮፐር»፣ 2.3 ጊጋ
ሁሉም ከሰረዝ በኋላ የየራሳቸው ስም አላቸው። የትኛውን ልውሰድ? የማየው በሪሲቨር ነው። ፍላሹ 16 ጊጋ፣ ያውም ባዶ፤ 9 ጊጋውን ሲገለብጡበት ግን «ፋይሉ ትልቅ ነው» እያለ እምቢ አለ።

ጦሳ ሥር
አብሽሪ እህቴ፣ ስሙ የተጻፈው በሥርዓት ነው። ርዕስ፣ ዓመት፣ የምስል መጠን፣ ምንጭ፣ ድምፅ፣ ኮዴክ (ምስሉ ወይም ድምፁ የተጨመቀበት ዘዴ)፤ ከመጨረሻው ሰረዝ በኋላ ያለው ፋይሉን አዘጋጅቶ የለቀቀው ቡድን ነው፣ ሪሊዝ ግሩፕ የሚሉት።

መጀመሪያ ምንጩን እይ፣ 1080 የሚለው ይቆይሽ። ካም ሲኒማ ውስጥ በካሜራ የተቀዳ ነው፤ ኤችዲ ቢሉትም ከፊት የተቀመጠው ሰው ጭንቅላት አብሮ ይመጣል። ቲኤስ (ቴሌሲንክ) ምስሉ ያው ካሜራ ነው፣ ድምፁ ብቻ በቀጥታ ከመሣሪያ የተወሰደ። ቅጥያው ቲኤስ ከሆነ ፋይል ጋር ግን አታምታቺው፤ እሱ የቴሌቪዥን ስርጭት የሚቀመጥበት ዓይነት ነው፣ ብዙ ሪሲቨር ከቻናል ሲቀዳም የሚያወጣው እሱን ነው።

ዌብ-ዲኤል ከኦንላይን አገልግሎት እንዳለ የወረደ፣ ዳግም ያልተጨመቀ። ዌብሪፕ ከዚያው ምንጭ ተቀድቶ ወይም እንደገና ተጨምቆ የተሠራ፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ብሉሬይ ከዲስኩ የተጨመቀ ሲሆን ሪሙክስ ካለ ግን የዲስኩ ምስልና ድምፅ ሳይነካ ነው፤ 20፣ 30 ጊጋ ይሄዳል፣ ለፍላሽ አይሆንም።

ፕሮፐር ማለት ሌላ ቡድን ቀድሞ የለቀቀው ጉድለት ስላለበት (ድምፁ ከከንፈር አይገጥምም፣ መሀል ላይ ይቆረጣል) ይኼኛው ቡድን አስተካክሎ ለቀቀ ማለት ነው። የራሱን ስህተት ያረመ ከሆነ ሪፓክ ይለዋል።

የቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ
የፍላሹ ችግር የቦታ አይደለም። ፋት32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት ሆኗል፤ ፋት32 ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ አይችልም። ወደ ኤክስፋት ቢቀየር ይገባል፣ ግን የቆዩ ሪሲቨሮች ኤክስፋትን ጨርሶ አያነቡም። ኤንቲኤፍኤስን የሚያነቡ ይበዛሉ፤ እሱን ሞክሪ። ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል፣ ውስጡ ያለውን አስቀድመሽ ገልብጪ።

1.4 ጊጋውን ተዪው። ኤክስ265 የኤችኢቪሲ ኮዴክ ነው፤ ቆየት ያለ ሪሲቨር ስለማይፈታው ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ምስሉ መጥቶ ድምፁ ከጠፋ ደግሞ ጥፋቱ የድምፁ ዓይነት ነው፤ ዲቲኤስ ብዙ ቦታ አይሠራም፣ ዲዲ5.1 (ዶልቢ) እንኳ ርካሽ ሪሲቨር ላይ ዝም ሊል ይችላል። ኤኤሲ ብዙ አያስቸግርም።

ጥራቱን ለመገመት ጊጋውን በ8,000 አባዢና በፊልሙ ሰከንድ አካፍዪ። ለሁለት ሰዓት (7,200 ሰከንድ) 9 ጊጋው በሰከንድ 10 ሜጋቢት፣ 2.3ቱ 2.6 ገደማ ይወጣል። ለ720ፒ ይበቃል። አራተኛውን ውሰጂ።

ጦሳ ሥር
ከሰረዙ በኋላ ያለውን ስም ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል፣ ማኅተም አይደለም። ለምሳሌ ራርቢጂ የሚባለው የታወቀ የቶረንት (ፋይል መለዋወጫ) ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2023 ተዘግቷል፤ ከዚያ ወዲህ የወጣ ፊልም ላይ ያንን ስም ካየሽ ሌላ ሰው የለጠፈው ነው።

አብሮ የሚመጣው ኤንኤፍኦ ተራ ጽሑፍ ነው፣ በኖትፓድ ይከፈታል፤ ምንጩንና ፕሮፐር የሆነበትን ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያ ታገኚዋለሽ። ኤስኤፍቪ የእያንዳንዱን ፋይል ሲአርሲ32 ቁጥር (ፋይሉ መበላሸት አለመበላሸቱ የሚታወቅበትን) ይይዛል። ፊልሙ በራር (ፋይል ማሸጊያ) ተከፋፍሎ ከመጣና ሲፈታ ስህተት ካለ፣ የተበላሸችውን ክፍል ለይቶ እሷን ብቻ እንደገና ለማምጣት ይጠቅማል።

ዊንዶውስ ላይ የፋይል ቅጥያ እንዲታይ አድርጊ። የቪዲዮ ምልክት ለብሶ መጨረሻው ኢኤክስኢ የሆነ «ፊልም» ቫይረስ ነው፤ «ለማየት ይህን ኮዴክ ጫን» የሚልሽም አንድ ነው።

(ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። ባለ ሱቆቹም እዚህ ስለሚያነቡ ነው።)

የሰኞ ገበያዋ
ጀዛኩሙላህ ኸይር! አራተኛው ሠርቷል። ከመውሰዴ በፊት ውስጡ ያለው ኮዴክ በስሙ እንደተጻፈው መሆኑን የት ነው የማየው? «ኢንተርናል» የሚልስ?

የቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ
የሱቁ ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ አስከፍቺና ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ ተጫኚ፤ የምስሉንም የድምፁንም ኮዴክ ይዘረዝርልሻል። ስሙና እሱ ከተለያዩ የሚታመነው እሱ ነው። ኢንተርናል ቡድኑ ለራሱ ብሎ የሠራው ነው፤ «ይህ ፊልም ቀድሞ ተለቋል» ተብሎ ውድቅ እንዳይደረግበት ነው እንደዚያ የሚጽፈው። የጥራት ደረጃ አይደለም።