ክርክር፦ የሴቶች ቡድን የሌለው ክለብ ፕሪሚየር ሊጉን ይጫወት?

አስተባባሪ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኼ ነው። በወንዶች ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ክለብ ሁሉ የሴቶች ቡድን እንዲይዝ ይገደድ ወይስ አይገደድ? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) አህጉራዊ ውድድር የሚገቡ ክለቦችን ይህን ይጠይቃል። እኛ አገር ለሁሉም ይሁን ወይ ነው ነገሩ። ስድብ የለም። ብሔርም አይነሳ፤ ባለፈው የደረሰብንን ታውቃላችሁ።

የድሮ በረኛ፦ አልስማማም። ለወንዶቹ እንኳ ደመወዝ በወቅቱ መክፈል ያቃታቸው ክለቦች አሉ። ግዴታ ብትላቸው ሃያ ልጅ ከየሰፈሩ ለቃቅመው፣ ማሊያ አልብሰው «ቡድን አለን» ይላሉ። በዓመቱ ይበትኑታል። ለልጆቹም ግፍ ነው።

የሒሳብ ሰው፦ ስሜቱን ትተን ብሩን እንይ። ፊፋ ራሱ ለኳታሩ የወንዶች ዓለም ዋንጫ 440 ሚሊዮን ዶላር ሲሸልም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ለሴቶቹ የሸለመው 110 ሚሊዮን ነው። ተመልካች ያለው ገቢ አለው። ገበያው ነው የሚወስነው።

ጋሼ ከኦስሎ፦ እዚህ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2017 የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን ከማስታወቂያ ገቢው ቀንሶ ለሴቶቹ ሰጠ። ክፍያቸው እኩል ሆነ።

የድሮ በረኛ፦ ጋሼ፣ ኖርዌይን እዚያው ይተዉልን 😂

ቁጥር 6፦ የሒሳብ ሰው፣ የትኛው ገበያ ወንድሜ? የእኛ አገር የወንዶች ክለብ በትኬት ነው እንዴ የሚኖረው? አብዛኛው የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደር፣ በክልል ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። እዚያ ውስጥ ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጠው እናት ግብርም አለበት። ወንዶቹ ሲከስሩ «የከተማችን ኩራት» ይባላል። እኛ ሴቶቹ ጋ ሲደርስ «ገበያው» ትላላችሁ። በ2011 የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን የተባለውን አትርሳ። በራሱ ገቢ የሚኖር ክለብ ቢሆን ማን ጣሪያ ያበጅለት ነበር?

የሒሳብ ሰው፦ እሺ፣ ይቺን ነጥብ ውሰጂ። ግን ገንዘቡ የሕዝብ ነው ማለት አለ ማለት አይደለም።

ቁጥር 6፦ አለ። እኔ ስጫወት የነበረውን ልንገርህ። የክለቡን ስም አልጠራም። የሚሰጠን የወንዶቹ የአምና ማሊያ ነበር። እጅጌው ከክርን ያልፋል። ቁምጣው ስለሚሰፋ ወገባችንን በታኬታ ክር አስረን ነው የምንገባው። አንድ ቀን ከማዕዘን ኳስ ልመታ ስንደረደር ክሩ ተበጠሰ። በአንድ እጄ ቁምጣዬን ይዤ መታሁ። ደጋፊው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ያለቀስኩት ካምፕ ገብቼ ነው።

ልምምድ የምንሠራው ወንዶቹ ሲጨርሱ ነው፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ። ሲሄዱ መረቡን ነቅለው ይዘው ይሄዳሉ። የጎል ልምምድ ስንሠራ በረኛችን በየደቂቃው ቦይ ድረስ እየሮጠች ኳስ ታመጣለች። በዓመቱ መጨረሻ ከሁላችንም ፈጣን እሷ ሆነች። እና ይኼ ሁሉ የብር ጉዳይ ነው? መረብ ሳይነቅሉ መሄድ ስንት ያስወጣል?

የድሮ በረኛ፦ መረቡን እኛም ነቅለናል። አልዋሽም። «ይሰረቃል» ይሉን ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

የሀዋሳ ልጅ፦ እኔ አንድ ነገር ብቻ። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ናት። ሀዋሳ የሴቶች ቡድን ባይኖረው ያቺን ልጅ ማን ያያት ነበር? ከዚያ ደደቢት፣ ከዚያ ስዊድን፣ ማልታ፣ ንግድ ባንክ፣ አሜሪካ። ንግድ ባንክንም ተመልከቱ። በ2016 ወንዶቹ የሊጉን ዋንጫ ወሰዱ። ያው ዓመት ሳያልቅ ሴቶቹ የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን) ዞን አሸነፉ፤ በ2017 መጀመሪያ ላይም ለአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ሞሮኮ ሄዱ። አንዱ ሌላውን አልበላውም።

የሒሳብ ሰው፦ እሱማ ባንክ ነው! ስሙ ላይ ተጽፏል እኮ።

የድሮ በረኛ፦ እሱን ነው የምለው። ሁሉም ባንክ አይደለም። እኔ አሁንም በአንድ ጊዜ ግዴታ የሚለውን እፈራለሁ። መጀመሪያ ከ17 ዓመት በታች ቡድን ይያዙ። አሰልጣኝ፣ ማሊያ፣ የሜዳ ሰዓት ይኑራቸው። ዋናው ቡድን በሦስት ዓመት ይምጣ። ከነበጀቱ ካልሆነ ግን ወረቀት ነው።

ቁጥር 6፦ ከነበጀቱ የሚለው ላይ አብረን ነን። ሦስት ዓመቱ ላይ ግን አይደለም። እኔን ሲበትኑኝ አንድ ሳምንት እንኳ አልጠበቁኝም። «በጀት አልቋል» ተባልን። የሦስት ወር ደመወዜ እስከዛሬ እዚያው ነው። ያው ክለብ በዚያው ክረምት ከውጭ አጥቂ አስፈረመ።

የሒሳብ ሰው፦ በስንት?

ቁጥር 6፦ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ጎል አገባ። የፊርማውን ግን አልጽፍልህም፣ እራትህን በሰላም ብላ።