ክርክር፦ «ፓራኖያክ» ላይ ጥፋተኛው ማነው፣ ውርሱ ነው ወይስ አክስትየዋ?

የጉለሌዋ፦
ሰዎች ትናንት ማታ ፓራኖያክን ለሶስተኛ ጊዜ አየሁትና እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ በቃ እዚህ ላውጣው። እ.ኤ.አ. የ1963 የእንግሊዝ ፊልም ነው፣ ሀመር የሚባለው ኩባንያ የሰራው፣ ጥቁርና ነጭ። ላላያችሁት ባጭሩ፣ የአሽቢ ቤተሰብ እናትና አባት በአውሮፕላን አደጋ ሞተዋል፣ ቶኒ የሚባለው ልጅ ደግሞ ራሱን ባህር ውስጥ ጣለ ተብሎ ተለቅሶለታል። የቀሩት ሳይመንና ኤሌኖር ናቸው፣ አክስታቸው ሃሪየት ነች ያሳደገቻቸው። ሳይመን ገንዘቡ እጁ ሊገባ ሳምንታት ናቸው የቀሩት፣ እስከዛ ግን እህቱን እብድ ናት አስብሎ የሷንም ድርሻ ሊጠቀልል ውሽማውን በነርስ ስም ቤት አስገብቷል። እንዲህ እያለ ሞተ የተባለው ቶኒ ከች አለ። የኔ አቋም ግልፅ ነው፣ ጥፋተኛው ውርሱ ነው። ልጅን «እዚህ እድሜ ስትደርስ ይሄ ሁሉ ያንተ ነው» ብለህ ካሳደግከው እኮ የሚኖረው ለዛች ቀን ብቻ ነው፣ እህትም ወንድምም የሚታዩት እንደ ተካፋይ ነው። ወላጅ ሀብቱን ቀን ቆርጦ መተው የለበትም ባይ ነኝ።

ጥቁርና ነጭ፦
በፍፁም አልስማማም። ኤሌኖርስ? አንድ ቤት ያደጉ ናቸው፣ ገንዘቡም ያው ገንዘብ ነው፣ እሷ ግን ማንንም አልገደለችም። ደሞ (መጨረሻውን መስማት የማትፈልጉ እለፉት) ሳይመን ቶኒን የገደለው ገና ልጆች እያሉ ነው፣ አክስትየዋ ደግሞ ታውቃለች! አውቃም ሬሳውን አስደብቃ ዝም አለች። የኦርጋኑን ትእይንት አስታውሱ፣ ሳይመን ሌሊት ቁጭ ብሎ ኦርጋን ይጫወታል፣ የተቀዳ የልጅ መዝሙር ይሰማል፣ አጠገቡ የመዘምራን ልብስ የለበሰ ፊቱን በጭምብል የሸፈነ ሰው ቆሟል፣ ያ ደግሞ አክስትየዋ ናት። ይቺ ሴትዮ ልጁን ከማሳከም ይልቅ እብደቱን አብራው ትዘምራለች። የፊልሙ ዳይሬክተር ፍሬዲ ፍራንሲስ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ኦስካር የወሰደ ካሜራማን ነበር፣ እዛ ጋ የጨለማውን አያያዝ እዩትማ፣ ምንም ሳይነገረን ቤቱ በሙሉ ምስጢር እንደያዘ ይገባናል። ገንዘብ ባይኖርም እኮ ሳይመን ያው ሳይመን ነው።

የለንደኑ፦
ሁለታችሁም አንድ ሰው ዘላችኋል፣ የጠበቃው ልጅ ኪት። አባትየው የቤተሰቡን አደራ ገንዘብ የሚያስተዳድር የተከበረ ሰው ነው፣ ልጁ ደግሞ ከዛው ገንዘብ በልቶበታል፣ ጉድለቱ እንዳይወጣ ብሎ ነው አስመሳዩን ቶኒ ቀጥሮ የላከው። እና ሳይመንን ብቻ ለምን ትይዙታላችሁ? ባላደራውም ቤት ሌባ አለ። እዚህ እንግሊዝ አገር ህጉ ራሱ ለረጅም ጊዜ ሟች ለፈለገው ይናዘዝ የሚል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ነው መጀመሪያ የትዳር ጓደኛና አንዳንድ ልጆች ምንም ካልተተወላቸው ፍርድ ቤት እንዲጠይቁ የተፈቀደው፣ በ1975 ደግሞ ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2017 እንኳን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያየውን ጉዳይ ውሰዱ፣ እናት ከልጇ ጋር ለአመታት ተኳርፋ ወደ 486,000 ፓውንድ የሚጠጋውን ንብረቷን በአብዛኛው ለእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ተናዘዘች፣ ልጅትዋ ከብዙ አመት ክርክር በኋላ ያገኘችው 50,000 ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ልቤ ለልጅትዋ ነው ያዘነው፣ ግን የሟች ቃልም ቃል ነው።

ህግ ተማሪ፦
የኛ የኢትዮጵያው የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ህግ ሌላ መንገድ ነው የሄደው። ወላጅ ልጁን ከውርስ መንቀል ይችላል ግን በቂ ምክንያቱን ኑዛዜው ላይ መፃፍ አለበት፣ ዝም ብሎ «ነቅዬዋለሁ» አይሰራም። አስቦ የገደለ ሰው የገደለውን አይወርስም የሚለው ግን እዛም እዚህም አለ። ስለዚ አክስትየዋ ዝም ስትል ወንድሙን የገደለ ልጅ የወንድሙን ድርሻ እንዲበላ ነው በር የከፈተችለት። እኔ ከጥቁርና ነጭ ጋር ነኝ።

እናት ነኝ፦
እኔ ፊልሙን ሳይ የኛ ቤት ነው የመጣብኝ። አባታችን ሲያርፍ ሰባት ልጆች ነን፣ ገና አርባው ሳይወጣ ታላቅ ወንድማችን የቤቱን ካርታ ከቁምሳጥን አውጥቶ ሄደ። እናታችን አይታዋለች፣ «ታላቃችሁ ነው ተዉት» አለችን፣ ሽማግሌ ፊትም አልናገርም አለች። እስካሁን ሶስቱ አይነጋገሩም። ቤቱ ሰፊም አይደለም፣ ሁለት ክፍልና ሰርቪስ ነው። የጉለሌዋ እህቴ፣ ትንሽ ነገርም ያጣላል፣ እኛን የጎዳን የእናታችን ዝምታ ነው፣ ነፍሷን ይማረውና።

የጉለሌዋ፦
እናት ነኝ የፃፍሽው አስለቀሰኝ፣ እግዚአብሔር ያስታርቃችሁ። ግን እኮ ካርታው ባይኖር ወንድምሽ ቁምሳጥኑን አይከፍትም ነበር፣ እኔ የምለው እሱን ነው። ስለ አክስትየዋ ግማሹን ተቀብያለሁ፣ ስለ ገንዘቡ ግን አልለቅም፣ ፍራንስዋዝን ማለቴ ያቺን ነርስ ኩሬው ውስጥ ሲደፍቃት ለምንድነው? ምስጢሩን ስላወቀች ውርሱን እንዳታስቀርበት አይደል?

ጥቁርና ነጭ፦
እሺ መጨረሻው ላይ ቤተ ጸሎቱ ሲቃጠል ሳይመን ወደ እሳቱ ተመልሶ የሚገባው ለምንድነው? ሊያመልጥ ይችል ነበር። የገባው ግድግዳ ውስጥ ለደበቁት ለወንድሙ ሬሳ ነው፣ አቅፎት ነው የሚቃጠለው። እዛ ውስጥ ምን ገንዘብ አለ?

የጉለሌዋ፦
እሱን መመለስ አልችልም። ያቺን ቦታ ዛሬ ማታ ደግሜ ላያት ነው፣ ነገ እዚሁ እንገናኝ።