የስም መዝገብ ላይ ፈረምኩ፣ «ተስማምተሃል» ተባልኩ

የእድር ጸሐፊው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሰሜን ሸዋ አንዲት ከተማ ነው፤ የቀበሌውን ስም ልተወው። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለስብሰባ ተጠራን። ሦስት ሰዓት የተባለው አራት ተኩል ላይ ተጀመረ (ይህ እንኳ ልማድ ነው)። በሩ ላይ አንዲት ልጅ መዝገብ ይዛ ቆማለች፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ፈረምኩና ገባሁ።

አጀንዳው የውስጥ ለውስጥ መንገዳችንን ኮብልስቶን ማንጠፍ ነው፤ መዋጮው በየቤቱ 4,000 ብር። ሰብሳቢው «የምትደግፉ» አሉ፣ እጅ ወጣ። «የምትቃወሙ» ሲሉ እኔም፣ ከኋላዬ የተቀመጡት ሦስት እናቶችም፣ በግራ በኩል ካሉት ግማሾቹም እጃችንን አወጣን። የቆጠረ የለም። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ፣ ተጨበጨበ። አንደኛዋ እናት ጭብጨባው ካለቀ በኋላም እጃቸውን አላወረዱም ነበር።

ማክሰኞ ቃለ ጉባኤውን አሳዩኝ ብዬ ሄድኩ። ከሁለት ገጽ ጽሑፍ ኋላ ያ የበሩ መዝገብ ተያይዟል፤ አናቱ ላይ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ «በውሳኔው የተስማሙ ነዋሪዎች» የሚል ተጨምሮበታል። እኔ 17ኛ ነኝ። የእድራችንን መዝገብ 11 ዓመት የያዝኩ ሰው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ።

መንገዱን ጠልቼ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ የሰፈራችን ጭቃ ጫማ ያስቀራል። የተቃወምኩት ጡረተኛውና ባለ ሆቴሉ እኩል ይክፈሉ መባሉን ነው። ውሳኔው ያስገድደኛል? የቃለ ጉባኤውን ቅጂ የመጠየቅ መብትስ አለኝ?

የቀድሞ የቀበሌ ሠራተኛ

ጋሼ፣ ሁለት ነገር አይቀላቀልብዎት። የቀበሌ ምክር ቤት የተመረጡ ሰዎች ጉባኤ ነው፤ በ1994 የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት የሚያውቀው እሱን ነው። እሁድ የተቀመጡበት የነዋሪዎች ስብሰባ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ጉዳዩ ለምክር ቤቱ ቀርቧል ወይ? ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ነበር ወይ?» ብለው ይጠይቁ። እኛ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሰጠነው በ2005 ነው፤ ያኔ የመረጡት ሰው አሁንም ወንበሩ ላይ መኖሩን በዚያው ያጣሩ።

ቅጂ የመጠየቅ መብት አለዎት። የመረጃ ነፃነት አዋጁ 590/2000 ነው፣ መልስ እስከ 30 ቀን ይሰጣል። በቃል አይጠይቁ። በሁለት ቅጂ ይጻፉና አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስደርገው ይያዙት። እኔ እዚያ ቤት ሳለሁ ቁጥር የሌለው ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከራተት ነው የሚጠፋው።

የኮምቦልቻዋ

እኛም ሰፈር ይኸው ክርክር ተነስቶ ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው በአጥር ርዝመት እንድንከፍል ነው፤ መንገድ ዳር 30 ሜትር የያዘ ሰው 6 ሜትር ካለው ጋር እኩል አይከፍልም። ገንዘቡም በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ገባ። «አልከፍልም» ከማለት «እንዲህ ይከፈል» ብሎ መሄድ ይሻላል፤ ወንድሜ፣ ባዶ እጅዎን አይሂዱ።

ታክቶኛል

ከፍለው ይገላገሉ። ነገ የመታወቂያ እድሳት፣ ከነገ ወዲያ የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። የሚሄዱት እዚያው በር ነው።

የእድር ጸሐፊው (ጠያቂ)

ታክቶኛል ያሉት ሰው እውነታቸውን ነው፤ ባለቤቴም ቃል በቃል ይህንኑ ነው ያለችኝ። ቢሆንም ሐሙስ ደብዳቤውን አስገባሁ፣ የአጥር ሜትሩንም ሐሳብ ጨመርኩበት፤ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የገቢ ቁጥር ለማግኘት አርባ ደቂቃ ቆሜያለሁ።

ዛሬ ደግሞ ስለ ውኃ መስመር ተጠርተን ነበር። ያችው ልጅ፣ ያው መዝገብ። ከፊርማዬ ጎን «ተገኝቻለሁ እንጂ አልተስማማሁም» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ከኋላዬ የነበሩት እናት «ምን ጻፍክ?» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «ለእኔም ጻፍልኝ» አሉ።