ከምርቃት በኋላ የሚሰጠው የካናዳ የሥራ ፈቃድ እና ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ኦንታሪዮ ውስጥ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። «የሥራ ፈቃዱ ከወጣልሽ ፒአሩ አይቀርም» ይሏታል። እውነት ነው? ፓስፖርቷ ደግሞ ሊያልቅ አንድ ዓመት ነው የቀረው። የምታውቁ ተባበሩን።

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃት። «አይቀርም» የሚሏትን ግን አትስማቸው፤ ፈቃዱ ጊዜ ይሰጣታል እንጂ ፒአር አያመጣላትም። በዕድሜ አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሌላ ትምህርት ብትጨምር እንኳ ሁለተኛ አይወጣላትም።

የሁለት ዓመት ትምህርት ስለሆነ ሦስት ዓመት ይገባታል። ኢሚግሬሽን ግን ፈቃዱን ከፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን አያሳልፍም። አሁን ባለው ፓስፖርት ካመለከተች አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ሰጥተው ይመልሷታል። ቀሪውን በኋላ ማስጨመር ይቻላል፣ ግን እንደገና ማመልከት፣ እንደገና መጠበቅ ነው። ስለዚህ ኦታዋ ካለው ኤምባሲያችን ጋር የእድሳቱን ጉዳይ ዛሬውኑ ትጀምር።

የምርቃቱን በዓል አትጠብቅ። ትምህርቷን መጨረሷን የሚገልጽ ደብዳቤ ወይም ትራንስክሪፕት ከደረሳት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላት። ስተዲ ፐርሚቷ (የተማሪነት ፈቃዷ) ሳያልቅ ካስገባች መልሱ እስኪመጣ ሙሉ ሰዓት መሥራት ትችላለች። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ የቋንቋ ፈተና ውጤትም ይጠየቃል፤ ለኮሌጅ ሲኤልቢ (የካናዳ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ) 5፣ ለዩኒቨርሲቲ ዲግሪ 7። አይኤልትስ ከሆነ ጀነራሉን ትፈተን፣ አካዳሚኩን አይቀበሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ልጆቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና። አንድ የማውቀው ልጅ ሦስቱን ዓመት ሙሉ በአንድ ሕንፃ መግቢያ ላይ ሌሊት ሌሊት ጥበቃ ሠራ። ግብሩን ከፈለ፣ ቤተሰብ ረዳ። ፈቃዱ ሲያልቅ ለኤክስፕረስ ኤንትሪ (በነጥብ ተወዳድሮ ፒአር የሚጠየቅበት መንገድ) የሚቆጠርለት አንድ ሰዓት አልነበረውም። በካናዳ የሥራ ልምድ ለማመልከት ሥራው ቲር በሚሉት የሥራ ደረጃ 0፣ 1፣ 2 ወይም 3 መሆን አለበት፤ ጥበቃ ቲር 4 ነው፣ ካሸር ደግሞ ከዚያም በታች። የሚፈለገው አንድ ዓመት፣ ማለትም 1,560 ሰዓት ነው። በሳምንት ከ30 ሰዓት በላይ ቢሠራ አይፈጥንም። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆና የሠራችውም አይቆጠርላትም።

አንድ ዓመቱን ሞላች ማለትም ለፒአር አመልክቺ ተብላ ተጠራች ማለት አይደለም፤ በነጥብ ውድድር ነው። የሥራ ቅጥር ያስገኝ የነበረው ተጨማሪ ነጥብ ከማርች 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ፈረንሳይኛ የሚችሉትን ግን በተለይ እየጠሩ ነው፣ በጣም ባነሰ ነጥብ። አዲስ አበባ ሊሴ ገብረ ማርያም የተማሩ ልጆች ይህን ዕድል ባያሳልፉት እላለሁ።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን በትርፍ ሰዓቷ አዛውንቶችን ትረዳለች፤ ስትመረቅ በዚያው ልቀጥል ትላለች። ይቆጠርላታል?

መልስ፦ የት እንደምትሠራ ይወስነዋል። በነርሲንግ ሆም ወይም በሆስፒታል የነርስ ረዳት ሆና ከሆነ የሥራው መለያ ቁጥር 33102 ነው፣ ቲር 3፣ ይቆጠራል። ሰው ቤት እየሄደች ምግብ የምታበስል፣ የምታጥብ፣ የምታጫውት ከሆነ ግን 44101 ነው፣ ቲር 4፣ ለዚህ መንገድ አይሆንም። ድካሙ ያው ነው፣ እንዲያውም የቤቱ ሊብስ ይችላል፤ ሆኖም ሕጉ እንዲህ ነው የሚለየው። ከመፈረሟ በፊት የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ትጠይቅ። የምትሠራው፣ ሳምንታዊ ሰዓቷና ደመወዟ የተዘረዘረበት የልምድ ደብዳቤ እንደሚሰጧትም ከወዲሁ ታረጋግጥ።

«ደብዳቤውን እኛ እናዘጋጅልሻለን፣ ይህን ያህል ክፈዪ» የሚል ከመጣ ግን ትሽሽ፤ ሐሰተኛ ሰነድ አስገብታ ከተገኘች ለአምስት ዓመት ካናዳ እንዳትገባ ይከለክሏታል። የሥራ ዝርዝሩን ስታገኝ እዚህ ለጥፉት፣ አብረን እናየዋለን።